ዕዳ ያለበት ሰው ለእምነት ሥራ ይቀጠራልን?

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በፉሪ ሱቅ የከፈተ፥ መጋዘን የያዘ ወይም ከጅቡቲ ወደብ የመጣ ዕቃ የሚያስራግፍ ነጋዴ ሁሉ አንድ የማይቀርለት አሳብ አለው። ይኸውም የገንዘቡን ሣጥንና የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን ላስረክብ የሚለው ነው። በቀድሞው ጊዜ ይህ አሳብ ያን ያህል አያስቸግርም ነበር፤ ነጋዴው ገንዘቡን የሚያስይዘው ለወንድሙ ልጅ ወይም ለአገሩ ሰው ነበርና የልጁን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የአባቱን ብድር ሳይቀር ያውቀዋል። ዛሬ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ምድር ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ አለው፤ ፉሪም ራሷ እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች። ከየአገሩ የሚመጣው ሥራ ፈላጊ ብዙ ነው፤ ቀጣሪውና ተቀጣሪው ግን አይተዋወቁም።

ስለዚህ ነጋዴው መታወቂያ ይጠይቃል፥ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል፥ ከሁሉም በላይ ዋስ አምጣ ይላል። ዋሱ ቀርቦ ከፈረመ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የሚቀጠረው ሰው ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሚጠይቁትም መካከል አንዳንዶቹ የሚጠይቁት ለማባረር ነው፤ ዕዳ አለብኝ ያለውን ሁሉ ወደ በሩ ያመለክቱታል። አለመጠየቅም ሆነ ለማባረር መጠየቅ ሁለቱም ስሕተት ነው። ትክክለኛው መንገድ ዕዳውን መጠየቅ፥ ከዚያም ዕዳው መኖሩን ሳይሆን ሰውየው ዕዳውን እንዴት እንደ ያዘው መመርመር ነው።

አስቀድሞ፥ ዕዳ የሚያሳስብበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ባለ ዕዳ ሌባ ነው የሚል ካለ ራሱን ይመርምር፤ በንግድ ዓለም ዕዳ ያልነካው ማን ነው? ነገር ግን ወር በመጣ ቁጥር የሚከፍለውን ያጣ፥ ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው በየቀኑ ብዙ ሺህ ብር በእጁ ሲያልፍ ልቡ መፈተኑ አይቀርም። የመጀመሪያይቱ ቀን ስርቆት አትባልም፤ «እስከ ደመወዝ ድረስ ልበደር» ትባላለች። ያችን ቀን ሌላ ቀን ይከተላታል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ቆጠራ ሲደረግ የጎደለው ገንዘብ ደመወዝ የማይደርስበት ይሆናል።

ዕዳም ሁሉ አንድ አይደለም። የባንክ ብድር ወረቀት አለው፥ ቀነ ቀጠሮ አለው፥ ሊጠየቅና ሊታይ ይችላል። ዕቁብ ቀድሞ በልቶ ገና የሚከፍል ሰውም፥ ምንም እንኳ ባለ ዕዳ መሆኑን ራሱ ቢረሳው፥ ዕዳ አለበት፤ ዳኛውና ጸሐፊው ግን ያውቁታል፥ ዋስም አስጠርተውታል። እጅግ የሚያስፈራው የአራጣ ዕዳ ነው። አራጣ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ አበዳሪውም ተበዳሪውም ይደብቁታል፤ በባንክ መዝገብ አይገኝም፤ ወለዱም ከዋናው አልፎ ይሄዳል። አራጣ አበዳሪ ዘንድ የተያዘ ገንዘብ ያዥ ሁለት ጌታ አለው ማለት ነው፤ ሁለተኛው ጌታ ደግሞ በመጋዘኑ ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ፥ ገንዘቡ ወደ ባንክ የሚሄደው በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ሊጠይቀው ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የምስጢር ጉዳይ ይሆናል።

አባቶች ዕዳን ይይዙበት የነበረው ሥርዓት ጽኑ ነበር። ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው፥ አንዱ ወደ ሄደበት ሌላው እየተከተለ፥ ዳኛ እስኪፈርድ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው ይኖሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው፤ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የቀረ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ሥርዓት ባለ ዕዳው ሠርቶ እንዳይከፍል እጁ ይታሰራል፥ ባለ ገንዘቡም ገበያውን ትቶ የባለ ዕዳው ጠባቂ ይሆናል። ሁለቱም ይከስራሉ። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ11ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ እንዳይታሰር ይከለክላል። (ገንዘብ የሌለውን ቼክ ማውጣት ግን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 የሚያስቀጣ መሆኑ አይዘነጋ፤ ያ ዕዳ ሳይሆን ወንጀል ነው።) ነገር ግን ባለ ዕዳን ሁሉ ከሥራ በር የሚመልስ ነጋዴ፥ ሳያውቀው ያንኑ ሰንሰለት እንደ ገና ያጠልቃል። ሥራ ያጣ ባለ ዕዳ ዕዳውን በምን ይከፍላል?

ወደ ዋሱ እንመለስ፤ ብዙው ነጋዴ የሚታመነው በእርሱ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚደነግገው፥ የዋስትና ውል በጽሑፍ ካልሆነና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋጋ የለውም። በየመደብሩ መሳቢያ የተቀመጡ የዋስትና ወረቀቶች ቢመረመሩ «ለሚያጠፋው ሁሉ ኀላፊ ነኝ» ከማለት በቀር አንድም ቁጥር የሌለባቸው አይጠፉም። እንዲህ ያለው ወረቀት ነገር በመጣ ጊዜ ከጠበቃ ፊት አይቆምም። ደግሞስ ዋሱ ራሱ ስንት ዕዳ አለበት? ከእርሱ በፊት ለስንት ሰው ዋስ ሆኗል? ይህን የሚጠይቅ የለም። ዋስ ማለት ለብዙዎች ለዘመድ የማይከለከል ፊርማ ሆኗል፤ ዕዳ ከሜዳ እንደሚባለው የጎደለው ገንዘብ አንድ ቀን በድንገት ይወርድበታል፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ሳያገኝ አንድ ቤተ ሰብ ይበተናል።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር እንዴት እንደሚታይ መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ፥ የመንግሥት ምስጢር በሚያዝበት ሥራ ላይ የሚመደብ ሰው አስቀድሞ ይመረመራል፤ ይህም ምርመራ በዚያ የሚኖሩትንና ዜግነት ያገኙትን፥ በመንግሥት ሥራ ወይም ከመንግሥት ጋር ውል ባላቸው ኩባንያዎች ሊቀጠሩ የሚፈልጉትን ኢትዮጵያውያንም የሚመለከት ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ 13 የመመርመሪያ ነጥቦች አሉት፤ ከእነዚህም ስድስተኛው የገንዘብ አያያዝ ነው። አመልካቹ በሚሞላው ቅጽ ላይ፥ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ከቀጠሮው ከ120 ቀን በላይ ያሳለፈ ዕዳ ነበረብህን ተብሎ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፥ ዕዳ ያለበት ሁሉ ፈቃዱን ይነፈጋል ብሎ ማሰቡ ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መመሪያው «ከዚህ በላይ ዕዳ ያለበት አይፈቀድለትም» የሚል ቁጥር የለውም። የሚጠይቀው ሌላ ነው። ዕዳው የመጣው ከሰውየው ዐቅም ውጭ በሆነ ነገር፥ ይኸውም ከሥራ በመውጣት፥ በንግድ መቀዝቀዝ፥ በበሽታ፥ በሞት ወይም በፍቺ ነውን? ከሆነስ ከዚያ በኋላ ሰውየው በኀላፊነት ሠርቷልን? ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ተነጋግሮ በቅን ልቡና መክፈል ጀምሯልን? ወይስ ዕዳውን የሚከራከርበት በቂ ምክንያትና ማስረጃ አለውን? ይህን ያሳየ ሰው ዕዳው ገና ባያልቅም ፈቃዱን ሊያገኝ ይችላል። ደብዳቤውን ሳይከፍት የሚጥል፥ ስልኩን የሚዘጋ፥ በቅጹም ላይ «ዕዳ የለብኝም» ብሎ የጻፈ ግን ዕዳው ትንሽ ቢሆንም ይጣላል፤ በዚያ ጊዜ የሚያስጥለው ዕዳው ሳይሆን ውሸቱ ነው።

አሜሪካውያን ይህን ጥንቃቄ ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል በከባድ ዋጋ ያዩት ነው። የማዕከላዊ የስለላ ድርጅታቸው ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ፥ ከሚስቱ ሲፋታ በገባበት ዕዳ ተጨንቆ በ1977 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኅብረት ኤምባሲ ሄደ፤ ለምስጢሩም በመጀመሪያ 50,000 ዶላር ተቀበለ። በየካቲት 1986 ዓ.ም. እስኪያዝ ድረስ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ፤ እርሱ በጠቆመባቸው ምክንያት የሞት ቅጣት የደረሰባቸው ሰዎችም አሉ። ለነጋዴ ግን ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ሁለተኛው ክፍል ነው። ይህ የመንግሥት ደመወዝተኛ 540,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለ ብድር በጥሬ ገንዘብ ሲገዛ አለቆቹ ለዓመታት ከየት አመጣኸው ብለው አጥብቀው አልጠየቁትም። ስለዚህ መመሪያቸው ዛሬ ዕዳን ብቻ ሳይሆን ምንጩ ያልታወቀ ሀብትንም አብሮ ይመረምራል። በፉሪም ቢሆን፥ በዕዳ ሲጨነቅ የነበረ ገንዘብ ያዥ በአንድ ጊዜ ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ፈገግ ቢል፥ ደስ ከማለት በፊት መጠየቅ አይከፋም።

በኢትዮጵያም ሕግ ይህ አሳብ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የመንግሥት ተሿሚዎችና ባለ ሥልጣኖች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዘው ዐዋጅ ቁጥር 668/2002 ሀብት ሲል ዕዳንም ጭምር ነው። ነጋዴው ራሱ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የአመልካቹን ታሪክ ይመለከታል፤ የላከውን ዕቃ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ ወደ አገር ያላስገባ ላኪም ስሙ በጥፋተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ ሥራው ይሰናከላል። እንግዲህ በራሱ ላይ የሚሠራውን ሚዛን ነጋዴው ለሠራተኛው ሲይዝ፥ ባንኩ ለእርሱ እንዲያደርግለት የሚመኘውን ያህል ሰፊ ልብ ቢኖረው ተገቢ ነው።

ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 58 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ አገር አቅራቢ በዱቤ የ20,000 ዶላር ዕቃ አስመጥቶ የነበረ ነጋዴ፥ ዕዳው ሌሊቱን ሳይጨምር የ1,160,000 ብር የነበረው ከ2,000,000 ብር በላይ ሆኖ አገኘው። ዕቃውን ግን በቀድሞው ዋጋ ሸጦ ጨርሶ ይሆናል። ይህ ነጋዴ አባካኝ ነውን? እምነት የማይጣልበትስ ነውን? ማንም እንዲህ አይልም። አቅራቢው ጋ ደውሎ «ጊዜ ስጡኝ፥ በየሦስት ወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ያለውና ስልኩን የዘጋው ግን አንድ አይደሉም፤ አቅራቢው ለመጀመሪያው እንደ ገና ዕቃ ይልካል። የኑሮ ውድነት፥ የቤት ኪራይና የሕክምና ወጪ በሠራተኛው ላይ የሚያመጡት ዕዳም ከዚህ የሚለየው በቁጥሩ ማነስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይቅረብ? በሰው ፊት፥ በባንኮኒ ላይ ተደግፎ አይጠየቅም። ቀጣሪው ሰውየውን ለብቻው አስቀምጦ፥ «ልጄ፥ የባንክም ሆነ የሰው፥ የዕቁብም ሆነ ሌላ ያለብህን ዕዳ ንገረኝ። ዕዳ አለብህ ብዬ ብቻ አልመልስህም፤ ደብቀኸኝ በኋላ ከሌላ ሰው የሰማሁት እንደ ሆነ ግን አብረን መሥራት አንችልም» ቢለው፥ ሐቀኛው ሰው ልቡ ይረጋል። «ጋሼ፥ እናቴ በታመመች ጊዜ ከአጎቴ የተበደርኩት 40,000 ብር አለብኝ፤ በየወሩ ሁለት ሁለት ሺህ እየሰጠሁ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው፥ ዕዳ የለብኝም ብሎ ከሚምል ሰው ይልቅ የሚታመን ነው። ዐይኑን ከመሬት ሳያነሣ «ኧረ ምንም የለብኝም» የሚለው ደግሞ የግድ ዋሾ ላይሆን ይችላል፤ ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ ተጠይቆ የሚተው አይሁን፤ ሰው ሥራ ከጀመረ በኋላም ዕዳ ይገባልና በየዓመቱ ቢታደስ ይሻላል።

ከተቀጠረ በኋላ የሚጨነቀውን ሠራተኛ ከአራጣ ማዳን የነጋዴው ጥቅም ነው እንጂ ጽድቅ ብቻ አይደለም። ከደመወዝ የሚቆረጥ የቅድሚያ ክፍያ ያለ ወለድ መስጠት ይቻላል። በዚህ ረገድ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ የሠራተኛው ስምምነትም በጽሑፍ መያዝ አለበት። ሲሶውን የሚያልፍ ቁርጥ ሕግን ከመተላለፉም በላይ ሰውየውን ወደ ሸሸበት አራጣ ይመልሰዋል።

ዕዳው የከበደ ሠራተኛ ቢኖር ደግሞ ሥራውን ሳያሳጡ ቦታውን መለወጥ ይቻላል። ቁልፉንና መዝገቡን አንድ ሰው እንዳይዛቸው ማድረግ፥ ገንዘቡን ማታ ማታ በሁለት ሰው ማስቆጠር፥ ቆጠራውንም ሳይነግሩ ማድረግ፥ እነዚህ ሁሉ ዕዳ ለሌለበትም ሠራተኛ የሚያስፈልጉ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን በተቃራኒው ነው፤ ቁልፉም፥ መዝገቡም፥ ደረሰኙም በአንድ ሰው እጅ ይሰጥና ገንዘቡ ሲጎድል ዘመኑ ይረገማል።

አንድ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ የሰው ዕዳ የግል ምስጢሩ ስለ ሆነ ነጋዴ ምን አገባው የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በከንቱ የሚጣል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ስለ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲውል ያስገድዳል። ስለዚህ የጉልበት ሠራተኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ስለ ዕዳቸው መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ የሚጠየቀው ገንዘብ፥ ዕቃ፥ ቼክ ወይም የደንበኛ ምስጢር የሚይዝ ብቻ ነው። የተነገረውም ነገር በታሸገ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ከባለ ቤቱና ከአንድ ኀላፊ በቀር ሌላ አይየው። ሠራተኛው የነገረውን ምስጢር በቡና ላይ የሚያወራ ነጋዴ፥ ከዚያ ወዲያ ከሌላው ሠራተኛ እውነት እሰማለሁ ብሎ አይጠብቅ።

ዕዳ ሲያልቅ ማለቁን የሚያሳይ ወረቀት መቀበልና መስጠትም እጅግ የተዘነጋ ነገር ነው። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነጻ የወጣበትን ደብዳቤ ሳይወስድ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ስሙ በባንክ መዝገብ ወይም በአንድ ነጋዴ ደብተር ላይ ገና ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል፤ የሚያገኘውንም ሥራ ያጣል። በዱቤ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፥ ደንበኛው የመጨረሻውን ብር በከፈለ ቀን በደብተሩ ላይ መስመር ማስመር ብቻ ሳይሆን «ከእንግዲህ ዕዳ የለበትም» የሚል ቃል ጽፎና ፈርሞ ቢሰጠው ምን ይጎዳዋል?

ለዚህ ሁሉ የንግድ ምክር ቤቱ አንድ ሥራ ሊያግዝ ይችላል። ለእምነት ሥራ የሚቀጠር ሰው የሚሞላው አጭር የዕዳ መግለጫ፥ ዋሱም የሚፈርምበት፥ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በፊደልና በአኃዝ የሚጽፍበት የዋስትና ቅጽ በሕግ ዐዋቂ ተዘጋጅቶ ለአባሎች ቢታደል መልካም ነው። በፉሪና በአካባቢዋ ላሉት ነጋዴዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን ቢታተም ሠራተኛውም ዋሱም የፈረሙትን አንብበው ይፈርማሉ። በመግለጫው ላይ የዕዳው መጠን፥ የባለ ገንዘቡ ዓይነት፥ ዕዳው የመጣበት ምክንያትና በየወሩ የሚከፈለው ይጻፍበታል፤ በግርጌውም ዕዳው ያለቀበት ቀን የሚሞላበት ባዶ ቦታ ይተውለት።